ቫይታሚን ነው ያሉኝ ክኒን

እኔ ሰው ሲደብቀኝ ደሜ ይፈላል። ከድሮም እንዲህ ነኝ። በርበሬ በረንዳ መጥታችሁ "ወርቅነሽ የቷ ናት?" ብትሉ፣ ጠቋሚው እጁን ሳይዘረጋ ድምፄን ትሰማላችሁ። እርጥቡን በርበሬ ከደረቁ ጋር ቀላቅሎ የሚያመጣብኝን ሰው፣ ማዳበሪያውን ገልብጬ እግሩ ሥር እዘረግፍለታለሁ እንጂ "ግድ የለም" ብዬ አላልፈውም። ያለውን ቁርጡን ይንገረኝ፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ እንነጋገራለን። ይህን ጠባዬን የበረንዳው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የገዛ ቤተሰቦቼ እንዴት እንደረሱት ግን እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ነገሩ የሆነው መርካቶ "በአክሲዮን ተደራጅታችሁ ሕንፃ ሥሩ፣ አለዚያ ቦታውን ልቀቁ" ተብሎ ነጋዴው ሁሉ ከስብሰባ ስብሰባ ሲንከራተት በነበረበት ዘመን ነው። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ያኔ ቆየት ብሏል። የስኳር ክኒኔን እውጣለሁ፣ ሻዬን መራራውን እጠጣለሁ፣ ከዚያ ውጪ ስለ በሽታዬ አላስብም። ጉልበቴ ላይ ሕመም አለብኝ፤ እሱ ሲነሳብኝ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቼ እውጥና ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። ማን ጊዜ አለው?

አላስቀምጥ ያለችኝ ልጄ ሰላም ናት። ባንክ ቤት ትሠራለች። ከሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

"እማዬ፣ ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ ሽንቱን መመርመር አለበት አሉ። ኩላሊት መነካት ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው ሽንት ላይ ነው" አለችኝ።

"የኔ ሽንት ደግሞ ምን ሆነ? እንደ ማንም ሰው ነው የምሸናው።"

"እሱማ ሳያምሽ ነው የሚጀምረው። ሲያምሽማ አልፏል ማለት ነው።"

እንዲህ ስታሳስበኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ክሊኒክ ወሰደችኝ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት አምጪ ብለው ብልቃጥ ሰጡኝ። በማግስቱ ብልቃጧን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በነጠላዬ ሥር ደብቄ መርካቶን ሳቋርጥ አንዱ ወዛደር ዓይኑን ጣለብኝ።

"እትዬ ወርቄ፣ ምን ይዘው ነው እንደ ሕፃን ያቀፉት?"

"የመንዝ ማር ነው" አልኩት።

"ታዲያ ለኛ አያቀምሱንም?"

"አንተ፣ ከቀመስክ አትመለስም፣ ሂድ!" ብዬው እየሳቅኩ አለፍኩ። ያን ቀን ስስቅ ብታዩኝ!

ውጤቱ ሲደርስ ከሰላም ጋር ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ደርባባ፣ ድምጿ ቀስ ያለ። ወረቀቱን አየት አደረገችና "እማማ፣ እስኪ ወጣ ብለው ክብደትዎን ይለኩ" አለችኝ። ወጣሁ። ክብደት ለመለካት ምን ያህል ይፈጃል? እኔ ግን ተለክቼ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ሰላም ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

"ምን ሆንሽ?"

"ጉንፋን ሊይዘኝ ነው መሰለኝ።"

"ምን አለች ሐኪሟ?"

"ምንም የለም። ትንሽ ድካም ነው አለች። ቫይታሚን አዝዛልሻለች።"

አመንኳት። ልጄ ናት፣ ለምን አላምናት? ማታ ቢጫ ጽሑፍ ያለበት የቫይታሚን ጠርሙስ አመጣችልኝ፤ ውስጡ ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች ነበሩ። "በየቀኑ አንዳንድ ነው፣ እንዳትረሺ" አለችኝ። ባለቤቴ አበራም ከሶፋው ላይ ሆኖ "እንዳትረሺ ወርቄ" አለ። እሱ እኮ የራሱን መነጽር የት እንዳስቀመጠ የሚረሳ ሰው ነው።

ከዚያው ሳምንት ጀምሮ የቤቴ ወጥ ጨው ጠፋው። ሽሮው ውሃ ውሃ ይላል፣ ምስሩ ምንም አይልም። ሠራተኛችንን "አንቺ ልጅ፣ ጨው ተወደደ እንዴ?" ብዬ ስጮህባት አንገቷን ትደፋለች። አበራ ደግሞ ያንኑ ሽሮ እየጠቀለለ "ኧረ ይጣፍጣል" ይላል። ጨው ካነሰ ሰሃን የሚገፋ ሰውዬ! እዚህ ላይ ፈራሁ። የኔ እንጀራ ምላሴ ነው። በርበሬ ሲደለዝ፣ ቅመሙ ሲመጠን፣ ደንበኛ የሚያምነው የኔን ምላስ ነው። ስኳሩ ምላሴን ገደለው ብዬ ሌሊት ሳለቅስ አበራ እየሰማ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይተኛል። መፍትሔ ያልኩትን አደረግኩ፤ በወረቀት ጨው ቋጥሬ በሽርጤ ኪስ እየያዝኩ፣ ምሳዬ ላይ እንደልቤ መነስነስ ጀመርኩ።

አሁን ከድጃን ላስተዋውቃችሁ። ከድጃ ከጎኔ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጥ የስልጤ ልጅ ናት። ከእህት አትለይብኝም። እሷ ለሶላት ስትሄድ ዕቃዋን እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ ለቅዳሴ ስቀር እሷ ትሸጥልኛለች። ቀጭን ናት፣ ንፋስ የሚወስዳት። አዲሱ በርበሬ በሚገባበት በዚያ ሰሞን ረመዳን ሆነና ጾሙ አደከማት።

"ወርቄ፣ ዘንድሮ ጉልበት አጣሁ፣ ወላሂ" አለችኝ።

"እኔም ድካም ነው ብለው ቫይታሚን ሰጥተውኛል። ቆይ፣ ተካፈዪኝ" አልኳትና ከጠርሙሱ ዘገን አድርጌ በወረቀት ጠቀለልኩላት። "ሌሊት ለሱሁር ልትበዪ ስትነሺ አንድ አንድ ዋጪ።"

"ላንቺ አያንስም?"

"እኔ አንድ ቀን እያለፍኩ እውጣለሁ። ቫይታሚን አይደል?"

መርካቶ ውስጥ እንዲህ ነው የሚኖረው። ያለውን ይካፈላል። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ለሰው አልሰጥም ነበር፤ ያን ያህል አልተማርኩም እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ከድጃ ሚዛን ልታነሳ ብድግ አለች። "ወርቄ፣ ዓይኔ ላይ ጨለመብኝ" አለችኝ። ቀና ስል ፊቷ አመድ መስሏል። እጄን ሳልዘረጋ ማዳበሪያዎቿ ላይ ተደፋች፣ ኮረሪማው መሬት ላይ ተበተነ።

"ኡኡ! ድረሱልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ወዛደሮቹ ሸክማቸውን ጥለው መጡ። አንዱ በጀርባው ተሸከማት፣ ሌሎቹ ፊት ፊት እየሮጡ "ወገድ! ወገድ በሉ!" እያሉ መንገድ ከፈቱ። እኔ ጉልበቴን እንኳ ረስቼ ነጠላዬ መሬት እየጠረገ ከኋላ ከኋላ። "ከድጃዬ፣ በሞትኩት፣ እንዳትሞቺብኝ" እላለሁ። ያቺው ተክለ ሃይማኖት ያለችው ክሊኒክ አስገባናት።

ያቺው ወጣት ሐኪም ነበረች። እግሯን ከፍ አድርጋ አስተኛቻት፣ የደም ግፊቷን ለካች፣ ነርሷን ጠርታ ግሉኮስ አሰቀለችላት።

"ግፊቷ በጣም ወርዷል። የምትወስደው መድኃኒት አለ?"

"ምንም የላትም። ጾመኛ ናት እኮ። ከኔ የወሰደችው ቫይታሚን ብቻ ነው" አልኩና ጠርሙሱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።

ክኒኑን መዳፏ ላይ አፈሰሰች። አንዱን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችና ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። ከዚያ ጠርሙሱን አገላበጠችው።

"ይህ ቫይታሚን አይደለም። የደም ግፊት የሚቀንስ፣ ስኳር ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ኩላሊት ለመጠበቅ የምንሰጠው መድኃኒት ነው። ጾም ላይ ላለች፣ ግፊት ለሌለባት ሴት... ማነው የሰጣት?"

"እኔ! እኔ ነኝ የሰጠኋት! ለኔ ደግሞ ልጄ ናት ያመጣችልኝ። ከዚህ ከናንተ ዘንድ ታዘዘልሽ ብላ!"

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። አስታወሰችኝ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

"እርስዎ... የሰላም እናት ነዎት። ልጅዎ አልነገረችዎትም?"

"ምኑን?"

ዓይኗን ወደ ግሉኮሱ መለሰች። እግዜር ያሳያችሁ፣ በርበሬ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ቆሜ ጉሮሮዬ እንደዚያ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም።

"ልጄ፣ ምኑን ነው ያልነገረችኝ? ሽንቱ የማን ነው? የኔ አይደለም እንዴ?"

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። "ኩላሊት ወንፊት ማለት ነው፤ ቆሻሻውን ያሳልፋል፣ ለሰውነት የሚጠቅመውን ይይዛል። ስኳር ሲቆይ ወንፊቱን ያላላዋል። ያኔ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን በጥቂቱ ወደ ሽንት ማምለጥ ይጀምራል። በተለመደው የሽንት ምርመራ ላይታይ ይችላል፤ ለብቻው ሲለካ ነው የሚገኘው። የእርስዎን ለክተን አገኘነው። ሕመም የለውም፣ እብጠት የለውም። ግን በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ሊገታ ይችላል። መድኃኒቱን በየቀኑ፣ ጨው መቀነስ፣ ስኳሩን መቆጣጠር፣ የጉልበት ማስታገሻ ክኒን ደግሞ ፈጽሞ መተው። ይህን ሁሉ ለልጅዎ ነገርኳት።"

"ለልጄ! ለኔስ?"

"እሷ 'እናቴ ትደነግጥብኛለች፣ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ' ብላ ለመነችኝ።" አንገቷን ደፋች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለቤተሰብ መንገር የለመድነው ነገር ነው። እኔ ራሴ ልነግርዎት ይገባ ነበር።"

የጨው ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ቀጥዬም ትናንት የገዛሁትን የጉልበት ማስታገሻ። እሷም ገባት።

ከድጃ አመሻሹ ላይ ነቃች። ማፍጠሪያ ሆኖ ነበርና ውሃ በማንኪያ አጎረስኳት። "ወርቄ፣ ቫይታሚንሽ ገደለኝ" ብላ ሳቅ ስትል እንባዬ ፈሰሰ። ሁሉንም ነገርኳት። አዳመጠችኝና "ያ አላህ! የገዛ ልጅሽ?" አለች። ወንድሟ መጥቶ ሲወስዳት እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አበራና ሰላም ራት ላይ ነበሩ። ጠርሙሱን ከሳህኖቹ መሃል አስቀመጥኩት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቫይታ..." ብላ ሰላም ጀመረችና ዓይኔን ስታይ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

"ጨርሺዋ! ቫይታሚን በይኝ! ከድጃን ዛሬ ልገድላት ነበር በዚህ ቫይታሚንሽ! እጄ ላይ ብትሞት ለልጆቿ ምን ልላቸው ነበር? ልጄ ዋሽታኝ ነው ልላቸው?"

ሰላም በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። "እማዬ፣ አክስቴን ዘውዴን አስቢ። ኩላሊት ነው ባሏት በወሩ ሞተች። አንቺም እንደሷ እንዳትሆኚብኝ ብዬ ነው። መድኃኒቱን እስከወሰድሽ ድረስ ባታውቂ ምን ይጎዳል ብዬ ነው።"

"እህቴን የገደላት ኩላሊቷ ነው እንጂ ወሬው አይደለም! እሷ እንዲያውም አልቆ ነው የሰማችው። ለኔ ገና ሳያልቅ እግዜር አሳየኝ፣ እናንተ ደግሞ ዓይኔን ሸፈናችሁት!"

አበራ ጉሮሮውን ጠረገ። "ወርቄ፣ የገና በዓል ይለፍና እንነግራታለን ተባብለን ነበር። በዚያ ላይ የአክሲዮኑ ጉዳይ አስጨንቆሽ..."

"ማን ማን ነው የተባባለው?"

"እኔና ሰላም... የንስሐ አባታችንም መክረውናል።"

"ሠራተኛይቱስ?"

"ጨው የምትቀንሰው እሷ አይደለች? ሳንነግራት እንዴት ይሆናል?"

"ሌላስ?"

አበራ ሲዋሽ ጺሙን ያሻል፤ ያን ጊዜ ማሸት ጀመረ። "ለዕድሩ ዳኛ... እንዲያው ምናልባት ድንገት... ብዬ ጠቆም አድርጌዋለሁ።"

ጉድ ፈላ! ዕድር እኮ ቀባሪ ነው! አገሬው "ለቀባሪው አረዱት" ይላል፣ የሚያውቀውን ለሚያውቅ ነገሩት ለማለት። የኔዎቹ ይባስ ብለው ለቀባሪው አስቀድመው ነግረው ከበሽታው ባለቤት ከኔ ደበቁ። የእሁዱ ስብሰባ ላይ የዕድሩ ሴቶች እጄን ይዘው "አይዞሽ ወርቄ" ይሉኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ስለ አክሲዮኑ መስሎኝ "አይዞን" እላቸዋለሁ!

"አንተ ሰውዬ" አልኩት፣ "ምላሴ ሞተ ብዬ ሌሊት ሳለቅስ ትሰማኝ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

"እና?"

"ምን ልበልሽ? ፈራሁ።"

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። "ትደነግጣለች" ያሉት ለኔ ብለው አይደለም። እኔ ሳለቅስ ማየት የፈሩት እነሱ ናቸው። ራሳቸውን ከድንጋጤዬ ለማዳን ኩላሊቴን መያዣ አደረጉት። ይህን ነግሬያቸው ክፍሌ ገብቼ ዘጋሁ። ሰላም በሩ ላይ ቆማ "እማዬ፣ እማዬ" ትላለች። አልከፈትኩላትም። በሕይወቴ ልጄ ጠርታኝ አቤት ያላልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠዋት ሽንቴን በብልቃጥ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። "ዛሬ ክብደት አልለካም" አልኳት ሐኪሟን። "እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው፣ ልክ ለሰላም እንደነገርሻት አድርገሽ ንገሪኝ።" ውጤቱ እስኪመጣ ጥቂት ቀናት ጠበቅኩ። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። በርበሬ እየቀነጠስኩ ስለ ኩላሊቴ አስባለሁ፣ ከቤት እንጀራዬን በልቼ ሳልናገር እተኛለሁ።

ሐኪሟ አልሸፋፈነችልኝም። "ጨምሯል" አለችኝ። "ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ እየወጣ ነው። መድኃኒቱን እያቋረጡ፣ ጨው እየጨመሩ፣ ማስታገሻውን እየወሰዱ ስለቆዩ ሊሆን ይችላል። ግን ኩላሊትዎ ሥራውን አላቆመም። ከዛሬ ጀምረን ከያዝነው ተስፋ አለ።"

"ወደ መጀመሪያው ይመለሳል?"

"እሱን ቃል አልገባልዎትም።"

ብታምኑም ባታምኑም፣ አልደነገጥኩም። አዘንኩ፣ አዎ፣ መንገድ ላይ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ግን አልሞትኩም። በርበሬዬን ሸጬ ገባሁ። ይኸው ነው እንግዲህ ሲፈሩልኝ የከረሙት ነገር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። መድኃኒቴን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ጨው በጣቴ ጫፍ ነው የማስነካው፣ ምላሴም ለመደው። ለጉልበቴ ያን ማስታገሻ ነክቼው አላውቅም። ሽንቴን በየጊዜው አስለካለሁ። አንዳንዴ ቀነስ ይላል፣ አንዳንዴ ባለበት ይቆማል፤ ወደ መጀመሪያው ግን አልተመለሰም። የተወሰደብኝ ያ መጀመሪያ ነው። ሌላው ሁሉ ይቅር ይባላል፣ ብያለሁም፤ የንስሐ አባቴ ፊት ብያለሁ፣ እሳቸውንም ጨምሬ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስኳር ያለባችሁ፣ ምንም ሳያማችሁ ሂዱና ሽንታችሁን አስለኩ። አልቡሚኑን ለይታችሁ ጠይቁ፣ "ሽንትሽ ደህና ነው" በሚል አትመለሱ። ሐኪም "ወጣ ይበሉ" ሲላችሁ አትውጡ። ልጆች የሆናችሁ ደግሞ፣ እናታችሁን ከወሬ አታድኗትም፤ ከበሽታ ግን ልታድኗት ትችሉ ይሆናል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እየተባለ ነው ያደግነው። እኔ መች ደበቅኩ? የተደበቀብኝ እኔ ነኝ፣ የከፈልኩትም እኔ ነኝ።

ሰላም አሁን የልጆች እናት ናት። እወዳታለሁ፣ ትወደኛለች፣ በሽታዬ ላይ ከማንም በላይ የምትሯሯጥልኝ እሷ ናት። የምርመራዬ ቀን ሲደርስ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ እጄን ይዛ ደረጃውን ታወጣኛለች። ስሜ ሲጠራ አብራኝ ትነሳለች።

"እማዬ፣ አብሬሽ ልግባ?" ትለኛለች። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች።

"እዚሁ ቁጭ በይ" እላታለሁ።

ትቀመጣለች። እኔ እገባና በሩን ከኋላዬ እዘጋዋለሁ።